ከደሴ ወደ ደሴት፦ ዛንዚባርንና ፔምባን በፌሪ መሻገር

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። እሷና ባለቤቷ ለአሥረኛ ዓመት ጋብቻቸው ዛንዚባር ሊሄዱ ቆርጠዋል። «ወንድምዓለም፣ አውሮፕላኑን አልፈራውም። የመርከቡን ነገር ግን አንተ ንገረኝ። እኔ ከሐይቅ ውጪ ውኃ አይቼ አላውቅም» አለችኝ። ባትሪዬ እስኪያልቅ አወራን። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ያልነገርኳት ነገር ትዝ እያለኝ እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ ሙሉውን ልጻፈው አልኩ። ለእሷም ይሁን፤ ከደሴ ተነስቶ ከደሴት ደሴት መሻገር ለሚያምረው ሁሉም ይሁን።

እኔ ይህን ጉዞ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ብዙ ነገር ተበላሽቶብኛል። በሁለተኛው ሁሉም ነገር ተሳክቶልኝ ተመለስኩ። ልዩነቱን ያመጣው ቅደም ተከተል ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ፦ ፌሪ፣ ማለትም ሰው አሻጋሪው መርከብ፣ ለነፋስ ይታዘዛል። ቀናችሁን በፌሪው ልክ ቁረጡ እንጂ ፌሪው በእናንተ ቀን ልክ እንዲሄድ አትጠብቁ።

መጀመሪያ ካርታው

ዛንዚባር አንድ ደሴት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ስሙ የደሴቶቹ የጋራ ስም ነው። ትልቁ ኡንጉጃ ይባላል። አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሆቴሎቹ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ስቶን ታውን የሚባለው አሮጌ ከተማ፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። ሁለተኛው ፔምባ ነው። ከኡንጉጃ በስተ ሰሜን፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር ተሻግሮ ይገኛል። ኮረብታማ ነው፤ አረንጓዴ ነው፤ ቱሪስት የሚበዛበት አይደለም።

ወደ ኡንጉጃ የሚሄዱት ፌሪዎች ከዋናው የታንዛኒያ ምድር የሚነሱት ከዳሬሰላም ነው። ከዳሬሰላም ስቶን ታውን ከ70 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ፈጣኑ ፌሪ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሰዓት ሳይሞላ ያደርሳል።

እኔ የምመክረው መስመር ይህ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዳሬሰላም በአውሮፕላን። ከዳሬሰላም ወደ ኡንጉጃ በፌሪ። ከኡንጉጃ ወደ ፔምባ በፌሪ፤ በዚያው ወደ ኡንጉጃ መመለስ። ከዚያ ከዛንዚባር በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሁለቱም ከተሞች ስለሚበር፣ በአንዱ ገብታችሁ በሌላው የምትወጡበት ቲኬት መቁረጥ ትችላላችሁ። እንዲህ ስታደርጉ ወደ ዳሬሰላም ለመመለስ ያንኑ ባሕር ሁለት ጊዜ መሻገር አይጠበቅባችሁም። ቲኬቱን ስትቆርጡ ይህንን በግልጽ ንገሯቸው። ዝም ካላችሁ ደርሶ መልስ በአንድ ከተማ ይቆርጡላችኋል።

ወሩን ምረጡ

የዚያ ባሕር ጌታ ነፋስ ነው። ሁለት ስም አለው። ኩሲ የሚባለው ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ የእኛ ክረምት በሙሉ የእሱ ነው። ካስካዚ የሚባለው ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የእሱ ነው። ድሮ የዓረብና የሕንድ ነጋዴዎች በሸራ መርከብ በአንዱ ነፋስ መጥተው በሌላው የሚመለሱት በዚህ ነበር።

ለእኛ የሚጠቅመን ነገር አጭር ነው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ማሲካ የሚባለው ትልቁ ዝናብ ነው። አትሂዱ። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ባሕሩ ግን ይናወጣል። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት ሙቀቱ ይበረታል፤ ውኃው ግን ያምራል። ነፋሱ አቅጣጫ በሚቀይርበት መሸጋገሪያ ላይ፣ በተለይ ጥቅምት አካባቢ፣ ባሕሩ ረጋ ይላል። ሆዳችሁ ለጉዞ ደካማ ከሆነ ጥቅምትን ምረጡ። የአክስቴ ልጅ ጥር ላይ ካልሆነ አይመቸኝም ስላለች ጥርም ጥሩ ነው ብያታለሁ። ውሸቴን አይደለም፤ ጥሩ ነው።

ወረቀት፣ በዚህ ቅደም ተከተል

ፓስፖርታችሁ ቢያንስ 6 ወር ይቅረው። ቀጥሎ ቪዛ። የታንዛኒያ ቪዛ የሚጠየቀው በኢንተርኔት ነው፤ በራሱ በታንዛኒያ ኢሚግሬሽን ገጽ። ስሙን አስመስለው የሚሠሩ፣ ዋጋ ጨምረው የሚቀበሉ ብዙ ገጾች ስላሉ የመንግሥቱ መሆኑን አረጋግጡ። ለዛንዚባር ሌላ ቪዛ አይጠየቅም፤ የታንዛኒያው ይበቃል። ቪዛው በእጃችሁ ሳይገባ የአውሮፕላን ገንዘብ አትክፈሉ። ይህንን አጥብቄ እላለሁ።

የቢጫ ወባ ክትባት ሦስተኛው ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ሊኖርባቸው ከሚችሉ አገሮች መካከል ስለምትቆጠር ታንዛኒያ ስትገቡ ካርዱን ይጠይቋችኋል። ክትባቱ መሥራት ይጀምራል የሚባለው ከ10 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ለመብረር ሁለት ቀን ሲቀራችሁ የተከተባችሁት አይጠቅምም። አንዴ ከተወጋችሁ ግን ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ላስቲክ እሰሩት።

አራተኛው የዛንዚባር የጉዞ ኢንሹራንስ ነው። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ ከራሱ ከዛንዚባር ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽን እንዲገዛ ግዴታ ነው። የወጣበት ዋጋ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። የሌላ አገር ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም ይህንን አይተካም። በፌሪ የሚገባም ያው ነው። ቤታችሁ ሳላችሁ በኢንተርኔት ጨርሱትና ወረቀቱን አትሙት። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ ወረቀት አይጨርስም።

ስለ ሻንጣችሁ ሁለት ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። አንደኛው ጫት ነው። እኛ ጋ በየቤቱ ያለ ነገር ስለሆነ ሰው አያስበውም። ታንዛኒያ ውስጥ ግን ሚሩንጊ ይሉታል፤ በሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው። አንዲት ዝንጣፊም፣ የደረቀም፣ ለወዳጅ ስጦታም ብላችሁ እንዳትይዙ። ሻንጣችሁን ሌላ ሰው ካዘጋጀው ራሳችሁ ፈትሹት። ሁለተኛው ፌስታል ነው። ታንዛኒያ ከሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የላስቲክ ከረጢት ይዞ መግባትን ከልክላለች። ጫማችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ እንዳትሄዱ። እናቴ የሠራችልኝን ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ከረጢት ነው የወሰድኩት፤ ለመርከቡም እሱ ነው የጠቀመኝ። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ገንዘብ

ብር እዚያ አይመነዘርላችሁም። ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት ይዛችሁ ከባንክ ዶላር ጠይቁ። ስትቀበሉ የዶላር ኖቶቹን አንድ በአንድ እዩ። በ2006 እ.ኤ.አ. ወይም ከዚያ በኋላ የታተሙ፣ ያልተቀደዱ፣ ያልተጻፈባቸው ይሁኑ። አሮጌ ዶላር ታንዛኒያ ውስጥ የሚቀበላችሁ ታጣላችሁ። ዳሬሰላም እንደደረሳችሁ ከፊሉን ወደ ሺሊንግ ቀይሩ። የአገር ውስጥ ግብይት በሺሊንግ እንዲሆን ከመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደንብ ወጥቷል። ለባጃጅ፣ ለተሸካሚ፣ ለውኃ፣ ለምሳ ሺሊንግ ያስፈልጋችኋል። ባጃጁን እነሱም ባጃጂ ነው የሚሉት። ስሰማው የሰኞ ገበያ ልጅ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

ሰዓቱ፦ እዚህ ላይ ቀስ በሉ

ብዙ አበሻ ፌሪ የሚያመልጠው በዚህ ነው። ነገሩ ደስ የሚል ነው፤ ግን ያደናግራል።

ታንዛኒያና ኢትዮጵያ አንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው። የእጅ ሰዓታችሁን አትነኩትም። የሚደንቀው ግን ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ መሆኑ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራሉ። «ሳ ሞጃ አሱቡሂ» ካላችሁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። «ሳ ሲታ» እኩለ ቀን፣ 6 ሰዓት ነው። «ሳ ኩሚ» 10 ሰዓት ነው። በምድር ላይ ሰዓታችሁን ሳያስረዱ ከሰው ጋር መቀጣጠር የምትችሉበት ሌላ ቦታ ብዙ የለም።

ችግሩ የሚመጣው ቲኬቱ ላይ ነው። ቲኬቱ የሚታተመው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 07:00 ካለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። 09:30 ካለ 3 ሰዓት ተኩል። 12:30 ካለ 6 ሰዓት ተኩል። 16:00 ካለ ከቀኑ 10 ሰዓት። ሌላም አለ፦ የውጭ አገር ሰው መሆናችሁን ያየ ሠራተኛ በእንግሊዝኛ ሲያናግራችሁ በፈረንጅ ሰዓት ይናገራል፤ ዞር ብሎ ለጓደኛው በስዋሂሊ ሲነግረው ደግሞ በእኛ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ «ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ የተጻፈውን በጣታችሁ አሳዩ። እኔ ቲኬቱ ጀርባ ላይ በእኛ ሰዓት በትልቁ እጽፍበታለሁ።

ቀኑም እንዲሁ ነው። 05/02/2026 የሚል ቲኬት የካቲት 5 አይደለም፤ ጥር 28 ነው። ቤታችሁ ያለው የግድግዳ ካላንደር ሁለቱንም ቀን ስለሚያሳይ ከመነሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት።

ቲኬቱን መቁረጥ

በዳሬሰላምና በዛንዚባር መካከል በብዛት የሚታወቁት ፈጣን ፌሪዎች የአዛም ማሪንና የዛን ፋስት ፌሪስ ናቸው። ሁለቱም በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ያመላልሳሉ። ዓለም አቀፍ ካርድ ካላችሁ በኢንተርኔት ቁረጡ። ከሌላችሁ ከአንድ ቀን በፊት ወደ ወደቡ ሄዳችሁ ከራሱ ቢሮ ግዙ። ለውጭ ዜጋ በተራው ክፍል 35 ዶላር ገደማ ሲያስከፍሉ ቆይተዋል። ለአገሬው ዋጋው ያነሰ ነው። «ባገሬው ዋጋ እቆርጥላችኋለሁ» የሚል ደላላ ይመጣል፤ አትስሙት። መግቢያው ላይ ፓስፖርት ታይቶ ትመለሳላችሁ፤ ገንዘባችሁም አይመለስም።

ስማችሁ ልክ እንደ ፓስፖርቱ ይጻፍ። የእኛ ስም በአባትና በአያት ስለሚሄድ የትኛው «የቤተሰብ ስም» እንደሆነ ይምታታባቸዋል። ፓስፖርቱን ሰጥታችሁ ራሳቸው ያንብቡት፤ ሲጨርሱ ፊደል በፊደል አስተያዩት። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ደግሞ የቤተሰብ ስማችሁ የማይመሳሰለው ለምን እንደሆነ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። በአጭሩ አስረዱ፤ ይገባቸዋል።

ከሁሉም ሰዓት የጠዋቱን ምረጡ። ብዙ ጊዜ ነፋሱ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ይበረታል። የጠዋቱ ከተሰረዘ ደግሞ የከሰዓቱ ይተርፋችኋል። የመጨረሻውን የያዘ ሰው መጠባበቂያ የለውም።

ከደሴ እስከ ወደቡ

ከኮምቦልቻ በረራ ካገኛችሁ እሰየው። በአውቶቡስ ከሆነ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። በሁለቱም መንገድ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት እደሩ። ዳሬሰላምም አንድ ሌሊት እደሩ። ከአውሮፕላን ወርዳችሁ በሩጫ ፌሪ ለመያዝ አትሞክሩ። ከዳሬሰላም አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ወደቡ ርቀቱ ብዙ ባይሆንም መኪናው ይጨናነቃል።

በማግስቱ ጠዋት ታክሲ ወይም ባጃጅ ስትይዙ የምትሉት ቃል ወሳኝ ነው። «ፌሪ» ብቻ ካላችሁ ወደ ሌላ ቦታ ሊወስዷችሁ ይችላሉ። ዳሬሰላም ውስጥ ፌሪ የሚባል ሰፈር አለ፤ የዓሣ ገበያውና ወደ ኪጋምቦኒ የሚያሻግረው ጀልባ ያለበት ነው። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ሻንጣዬን እየጎተትኩ በዓሣ ገበያ መሃል ዞሬያለሁ። እናንተ «ቦቲ ያ ዛንዚባር» በሉ። የዛንዚባር ጀልባ ማለት ነው። ካልገባው «ቅዱስ ዮሴፍ ካቴድራል» በሉት፤ ቢሮዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት፣ በባሕሩ በኩል ናቸው።

ከመነሻው ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ድረሱ። ከመኪና ስትወርዱ ተሸካሚዎች ሻንጣችሁን ይይዛሉ። ከፈለጋችሁ ዋጋውን መጀመሪያ ተነጋገሩ፤ ካልፈለጋችሁ «ሃፓና፣ አሳንቴ» በሉ። አይሆንም፣ አመሰግናለሁ ነው። ፈገግ ብላችሁ ግን አጽንታችሁ በሉት። ፓስፖርትና ቲኬት ለወደቡ ሠራተኛ ካልሆነ ለማንም አትስጡ። ሻንጣው በማሽን ይፈተሻል፤ ትልቁን ሻንጣ አንዳንዴ ለብቻው ይጭኑታል። ስለዚህ ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ መድኃኒት፣ ውኃና ሹራብ በትንሿ ቦርሳ ከእጃችሁ አይለዩ። ሹራብ ያልኩት የውስጡ ኤሲ ስለሚበርድ ነው።

ሆዳችሁን ቀድማችሁ እወቁት

የአክስቴ ልጅ ብዙ የጠየቀችኝ ይህንን ነው። እኔም የጠየቅኳት መልሼ አንድ ነገር ነው፦ «ከደሴ ስትወርጂ ዶሮ መዝለያ ላይ እንዴት ነሽ?»

ያ መንገድ ጥሩ ፈተና ነው። በሚኒባስ ኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ፣ ጠመዝማዛውን ስልካችሁን እያያችሁ ወርዳችሁ ምንም ካላላችሁ፣ ባሕሩም ብዙ አያስቸግራችሁ ይሆናል። እዚያ ላይ ምራቅ የሚሞላባችሁ፣ ላብ ላብ የሚላችሁ ከሆነ ግን ክኒን ሳትወስዱ ፌሪ ላይ አትውጡ። ምክንያቱ አንድ ነው። ዓይናችሁ የወንበሩን ጀርባ እያየ «ቆመናል» ይላል፤ ጆሯችሁ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል ደግሞ «እየተንቀሳቀስን ነው» ይላል። አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ሆድ ይረበሻል።

ክኒኑን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ካለ ፋርማሲ ግዙ። ዳይመንሃይድሪኔት የሚባለው የተለመደ ነው። ከመነሳታችሁ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በፊት ይወሰዳል። ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ የዋጣችሁት ብዙም አይረዳችሁም። እንቅልፍ ያመጣል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ወይም ለልጅ ከሆነ ባለሙያውን ሳትጠይቁ አትውሰዱ። ዝንጅብል ብዙ ሰው ይረዳል፤ እኔ የዝንጅብል ሻይ በፔርሙዝ ይዤ ነው የምሄደው።

ምግብም አስተካክሉ። ባዶ ሆድም፣ የጠገበ ሆድም አይበጅም። ጠዋት ዘይት የበዛበት ነገር ተዉ። ሙዝ፣ ዳቦ፣ ደረቅ ነገር ብሉ። ዳቦ ቆሎው የጠቀመኝ እዚህ ነው፤ መርከቡ ሲናወጥ አንድ አንድ ፍሬ ስቆረጥም ሆዴ ተረጋጋ። አጠገቤ ለነበረች የዳሬሰላም እናትም አካፈልኳት፤ ከምን እንደተሠራ ጠይቃኝ ስንዴና ማር ነው ስላት ልጇን ቀስቅሳ ሰጠችው።

መቀመጫ ስትመርጡ መሃሉን፣ ወደ ኋላ ጠጋ ያለውን፣ ዝቅ ያለውን ፎቅ ያዙ። አፍንጫው ላይ ያለው ወንበር ከፍና ዝቅ የሚለው አብልጦ ነው። ላይኛው ፎቅ ደግሞ ወደ ጎን ይወዛወዛል። ውድ ቲኬት የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ላይ ይቀመጣል፤ ሆዳችሁ ደካማ ከሆነ ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አታውጡ። የሚያቅለሸልሻችሁ ከጀመረ ስልካችሁን አስቀምጡ። አየር ወዳለበት፣ ወደ ኋላ በኩል ውጡ። ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መስመር አትኩራችሁ እዩ። ያ መስመር አይንቀሳቀስም፤ ዓይንና ጆሮ እዚያ ላይ ይታረቃሉ። የሚያስመልስ ሰው ሲበዛ ሠራተኞቹ የወረቀት ከረጢት ያድላሉ። ማፈር አያስፈልግም፤ ውሰዱ።

ስለ አደጋ በግልጽ

በመስከረም 2011 እ.ኤ.አ. ስፓይስ አይላንደር የምትባል መርከብ በሌሊት ከኡንጉጃ ወደ ፔምባ ስትሄድ ሰጠመች። ከ200 የሚበልጥ አስከሬን ተገኘ፤ ጠፍቶ የቀረው ሰው ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። የጫነችው ከተፈቀደላት በጣም የበለጠ ሕዝብ ነበር። በሐምሌ 2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስካጊት የምትባለው ከዳሬሰላም ስትመጣ ቹምቤ ደሴት አጠገብ በኃይለኛ ነፋስ ተገለበጠች። ይህንን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም። ዛሬ የሚመላለሱት ፈጣን ፌሪዎች ከእነዚያ የተሻሉ ናቸው። ግን ከሁለቱ አደጋ የሚወሰድ ነገር አለ።

ሰው በመተላለፊያውና በደረጃው ላይ ተጨናንቆ ካያችሁ አትውጡ። ቲኬቱ ይቃጠል። የቀን ጉዞ እያለ የሌሊት አትምረጡ። በርካሽ እናሻግራችኋለን በሚሉ በትናንሽ የሸራ ጀልባዎች ባሕሩን ፈጽሞ አትሻገሩ። ስትገቡ ከመቀመጣችሁ በፊት ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ላይፍ ጃኬቱ (ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈው ሰደርያ) የት እንደተቀመጠ፣ የመውጫው በር የት እንደሆነ። ልጅ ከያዛችሁ የልጅ ጃኬት እንዳለ ጠይቁ። ዋና የማይችል ሰው ብዙ ነን። እኔም አልችልም። ጃኬቱን እንዴት እንደሚታሰር ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ስቶን ታውን ስትወርዱ

ከአንዱ የታንዛኒያ ከተማ ወደ ሌላው ብትሄዱም ዛንዚባር የራሷ አስተዳደር አላት። ወደቡ ላይ እንደገና ፓስፖርት ያያሉ፤ ኢንሹራንሱንም ሊጠይቁ ይችላሉ። የታሰራችሁ እንዳይመስላችሁ፤ የሁሉም ሰው ነው።

በሩ ላይ ፓፓሲ የሚባሉ ደላሎች ይጠብቃሉ። ሆቴል እናሳያችሁ ይላሉ። የመጀመሪያውን ሌሊት ማረፊያ ቀድማችሁ ከያዛችሁ ስሙን ነግራችሁ ታልፋላችሁ። አሮጌው ከተማ ከወደቡ በእግር የሚደረስ ነው። መንገዶቹ ግን ጠባብና ጥምዝምዝ ናቸው፤ ካርታውን ስልካችሁ ላይ ቀድማችሁ አውርዱ። ከተማው ሙስሊም የበዛበት ነው። አዛኑ ሲሰማ፣ ሰዉ በሰላምታ ሲያቆማችሁ፣ ወሎዬ ባዕድ ነኝ አይልም። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፤ ሻሽ ወይም ነጠላ ብትይዙ ብዙ ይጠቅማችኋል። ረመዳን ከሆነ ቀን መንገድ ላይ አትብሉ፣ አትጠጡ። ማታ ፎሮዳኒ የሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ላይ የሚጠበሰውን ብሉ። ዑሮጆ የሚባለውን ሾርባ ሳትቀምሱ አትሂዱ።

ወደ ፔምባ

እዚህ ላይ አዘገጃጀቱ ይለያል። ወደ ፔምባ የሚሄደው ፌሪ እንደ ዳሬሰላሙ በየቀኑ ደጋግሞ አይመላለስም። ስቶን ታውን የደረሳችሁ ዕለት ሻንጣ እንዳስቀመጣችሁ ወደብ ተመልሳችሁ የመሄጃውንም የመመለሻውንም ቀን ጠይቁ፤ ሁለቱንም ቲኬት ቁረጡ። መመለሻውን ሳይዙ ፔምባ መግባት እኔ አልመክርም። ፈጣኑን የቀን ፌሪ ምረጡ። ሌሊቱን የሚጓዝ ትልቅ መርከብ አለ፤ ርካሽ ነው፤ እኔ ግን ከላይ በጻፍኩት ምክንያት አልሳፈርበትም።

በቂ ሺሊንግ ከስቶን ታውን ይዛችሁ ሂዱ። ፔምባ ላይ የገንዘብ ማሽን እንደ ልብ አይገኝም።

የምትወርዱት ምኮአኒ ወደብ ነው። ከዚያ ወደ ዋናው ከተማ ቻኬ ቻኬ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳላዳላ በሚባለው የሕዝብ ሚኒባስ ትሄዳላችሁ፤ መስኮት በኩል ተቀመጡ። መንገዱ በቅርንፉድ ዛፎች መሃል ያልፋል። በለቀማው ወቅት ከሄዳችሁ ሰዉ ቅርንፉዱን ደጁ ላይ በሰሌን አስጥቶ ታገኙታላችሁ። ሽታው መኪናው ውስጥ ይገባል። እነሱ ካራፉ ይሉታል፤ የእኛም ቅርንፉድ የእነሱም ካራፉ ከዓረብኛው ቃል የመጡ ዘመዳሞች ናቸው። ደሴ ሻይ ቤት ተቀምጬ የጠጣሁት ሻይ ሁሉ ትዝ ያለኝ እዚያ መኪና ውስጥ ነው።

ፔምባ ላይ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ስጡ። ለአንድ ሌሊት ብቻ ከሆነ ባሕር መሻገሩ ድካም ነው።

መመለሻው፦ አንድ ባዶ ሌሊት

በመጀመሪያው ጉዞዬ ያጠፋሁት ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። ጠዋት ከፔምባ በፌሪ፣ ከሰዓት ከዛንዚባር በአውሮፕላን ብዬ አቀድኩ። ወረቀት ላይ ሲታይ ስድስት ሰዓት ይተርፈኝ ነበር። ጠዋት ምኮአኒ ስደርስ ነፋስ ነው፤ ሰዉ ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። ፌሪው ዛሬ የለም፣ ነገ እናያለን አሉን። ማንም አልተቆጣም፤ አገሬው ለምዶታል። እኔ ግን አውሮፕላኔ ሄደ። ቲኬት ለማስቀየር የከፈልኩት ገንዘብ የአንድ ሳምንት ማረፊያዬን ይሸፍን ነበር። ሥራ ላይም በሁለት ቀን ዘግይቼ ደረስኩ።

ስለዚህ ከፔምባ ከተመለሳችሁ በኋላ ስቶን ታውን አንድ ሙሉ ሌሊት ሳታድሩ አውሮፕላን አትያዙ። ኩሲ በሚበረታበት ክረምት ከሆነ ሁለት ሌሊት። ይህ ቀን ባክኖ አይቀርም፤ ቅመማ ቅመም የምትገዙበት፣ ገላችሁን የምትታጠቡበት፣ ለእናቶቻችሁ ሽርጥ የምትመርጡበት ቀን ነው። ፌሪው ከቀረ ደግሞ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ለአክስቴ ልጅ የጻፍኩላት ቀን አቆጣጠር እንዲህ ነው። አንድ ሌሊት አዲስ አበባ። አንድ ሌሊት ዳሬሰላም። ሁለት ሌሊት ስቶን ታውን። ሦስት ሌሊት ፔምባ። ሁለት ሌሊት እንደገና ስቶን ታውን፤ ከእነዚህ አንዱ መጠባበቂያ ነው። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ። የፔምባው ፌሪ የሚሄድበት ቀን ካልገጠመ ሦስቱን ሌሊት ሁለት አድርጉት እንጂ መጠባበቂያውን አትንኩት።

የመጨረሻ ነገር፦ ስትመለሱ ጃኬታችሁን ከሻንጣው ሥር አትቅበሩት። ከባሕር ዳር ወበቅ ወጥታችሁ ደሴ ማታ ስትደርሱ የጦሳ ተራራ ብርድ ነው የሚቀበላችሁ።